በጠመንጃ ስለሚጠበቀው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለጓድ ክንዱ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የምጠይቅዎ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ የቀበሌው ሕዝብ የሚጨነቀው ስለ ጤናዎ ነው። እኔ የመሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ልጅ የብርጓል፣ ጣና ዳር ልብስ በማጠብ የምተዳደር ሴት ነኝ። አባቴ ፊደል ያስቆጠሩት ወንድሞቼን ብቻ ነበርና፣ እኔን በአርባ ዓመቴ ያስቆጠረኝ እርስዎ የሚመሩት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው። ከዚህ በታች ለሚያነቡት ሁሉ ምስጋናው የእርስዎ ነው።

አንደኛ፤ በኅዳር ወር ለሦስት ሳምንት ሴሚናር በጀልባ ወደ ጎርጎራ ተሻግረው ሲመለሱ፣ ከበቅሎ እንደ ወረደ ሰው እግርዎን አንፈራጠው ሲራመዱ አይተን አዘንን። በእሑዱ ስብሰባ ግን ጨብጥ የሚይዘው ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ በመሽናት መሆኑን፣ ያንንም ድንጋይ በሳሙና እያራስን ያባለግነው እኛ ስድስት አጣቢዎች መሆናችንን አስረዱን። በማግሥቱ ድንጋያችን ታገደ፤ የአብዮት ጥበቃው ጓድ አበራም ጠመንጃ ይዞ እንዲጠብቀው ተመደበ። ድንጋይ እንዳያመልጥ ያደረጉትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። እኛ ግን ውኃ በእንስራ እየተሸከምን እቤታችን ስናጥብ ከረምን፤ ከመካከላችን ወለላ ወገቧን ታማ ሥራውን ተወች። ጓድ አበራ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠውም፣ ውኃ ሽንቱ ሲመጣ የሚገላገለውም እዚያው ድንጋይ ላይ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ እንደ ወይፈን ጤነኛ ነው።

ሁለተኛ፤ የሚያውቅዎ ሰው ወደሌለበት ወደ ዱርቤቴ ሄደው መርፌ መወጋትዎን ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ወር ሳይሞላ ግን አረማመድዎ እንደገና ተበላሸ። እርስዎም ሁለተኛ ጠባቂ ጨመሩ።

ሦስተኛ፤ በጥር ወር ባለቤትዎ ወይዘሮ አገርነሽ፣ የስምንት ወር እርጉዝ ሆነው፣ ከእንብርታቸው በታች ያለውን ሕመም በእጃቸው ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። እርስዎ ከታጠበ ልብስ የመጣ ነው ብለው ነግረዋቸው ኖሯል። እሳቸው ግን ሊጣሉኝ አልመጡም፤ ደጄ ላይ ቁጭ ብለው፣ «እታለም፣ እኔ ድንጋዩን በዓይኔም አላየሁት፤ ልብሴንም የማጥበው ራሴ ነኝ። ታዲያ ከማን ያዘኝ?» አሉኝ። መልሱን ባውቀውም ከባለሙያ አፍ እንዲሰሙት ብዬ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ክሊኒክ ወሰድኋቸው።

የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ አለበል ሳይቆጡም ሳያፍሩም አስረዱን። ይህ በሽታ ከድንጋይም፣ ከፀሐይም፣ ከጨረቃም፣ ከልብስም አይመጣም፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ብዙ ሴት ምልክቱን ሳታይ ትቆያለች፤ ከባልና ሚስትም አንዱ ብቻ ቢታከም ሌላው መልሶ ያስይዘዋል። ሕፃንም ሲወለድ በዓይኑ ሊቀበለውና ሊታወር ይችላል። ወይዘሮ አገርነሽ ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም፤ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ከለል አደረጉት።

ወዲያው መርፌውን ተወጉ። የካቲት ላይ ሴት ልጅ ሲወልዱም አቶ አለበል የሕፃኗን ዓይን መድኃኒት ቀቡላት፤ እነሆ ዛሬ የሻማ ብርሃን ባዘዋውርላት በዓይኗ ትከተለዋለች። እሷ በተወለደች ዕለት እርስዎ ሦስተኛ ጠባቂ ስለ መመደብ ስብሰባ ላይ ነበሩና ደስታውን ስላልተካፈሉ እናዝናለን።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ድንጋዩን በነፃ እንዲያሰናብቱልን፣ እርስዎም ወደ አቶ አለበል ጎራ እንዲሉ ነው። ጎርጎራ ላሉትም ሴት መልእክት ይላኩላቸው፤ እሳቸውም ድንጋይ አይደሉም፣ መርፌ ይገባቸዋል።

ለአረማመድዎ መቃናት ጧት ማታ የምጸልይ፣ ሸሚዝዎን ለዓመታት ያነጣሁ፣ በራስዎ ጣቢያ የተማርሁ ታዛዥ ተማሪዎ፣

የብርጓል ዓምደ ሚካኤል

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ለወይዘሮ አገርነሽ አንብቤላቸው፣ ስማቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። መታከምዎን የሚገልጽ የክሊኒክ ወረቀት እስኪያመጡ ድረስ መኝታዎ የሳሎኑ አግዳሚ እንደሆነ፣ የቀበሌው ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ግን እንደማይቀበሉ እንድጨምርበትም አዘውኛል።