አቀስታ ያልደረሰው አልጋ

ጥቅምት 9

ዛሬም ብየዳ። ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ሲንጣጣ ዋለ። ብልጭታው ካሰጣሁት ልብስ ላይ አርፎ ሻርፔን በሳው። ጮህኩበት። ሙሐሲን ምን ቢል ጥሩ ነው? "አለቀ እኮ!" "አለቀ" ማለት ከጀመረ ክረምቱ ወጣ...

እውነቱን ለመናገር ግን አምሮበታል። ሦስት ጎማ፣ ፊትና ኋላ የአሮጌ ባጃጅ ወንበር፣ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ነገር። ጋደም ተብሎ፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ነው ፔዳሉ የሚመታው። ከጣሪያ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ባሌ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይችልም። አንድ ቀን ስልኩ ላይ ሁለት ጃፓናውያን አየ፣ ባልና ሚስት፣ ፀጉራቸው የሸበተ። እንዲህ ባለው ነገር ጋደም ብለው በሩዝ ማሳ መሃል አገር ለአገር ይዞራሉ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ስም አውጥቶለታል፤ አልጋው። ጎረቤታችን እታገኘሁ በአጥር ብቅ ብላ "ፈርሂያ፣ አልጋችሁን ውጭ ልታወጡት ነው?" አለችኝ። ሳቅሁ። ሙሐሲን አልሳቀም።

ጥቅምት 11

ደላላው ደወለ። ቪዛው ወጥቷል። እንደገና ጅዳ... ኅዳር ላይ ትበሪያለሽ አለኝ።

ሙሐሲን አጠገቤ ነበር፣ ሰማ። እራት በላን። ከዚያ እጁን ሳይታጠብ፣

"አቀስታ ድረስ በራሴ እግር ካደረስኩሽ አትሄጂም።"

"ካላደረስከኝስ?"

"ትሄጃለሽ። ትንፍሽ አልልም።"

ለምን አቀስታ? የወደቀው እዚያ ነው። አንድ መጋዘን ቆርቆሮ ሲያለብስ። በቃሬዛ ተሸክመው ነው ያወጡት። ከዚያ መንገድ የሚያስታውሰው ሰማዩን ብቻ ነው። "ከእንግዲህ ሰው ትከሻ ላይ የምወጣው ስሞት ነው" ይላል፤ ሰው ባለበትም በሌለበትም።

እሺ አልኩት። ለምን እሺ አልኩ? ጅዳን እንደሆነ አልወዳትም። የማዳም ጥሪ አሁንም ከእንቅልፌ ያባንነኛል። እዚህ ደግሞ ወገቡ የተጎዳ በያጅ ማን ይቀጥራል? ቀኑን ሙሉ እሱን ሳይ እውላለሁ፣ እሱ ደግሞ እንዳላየው ሲጠነቀቅ... መቅረት እፈልጋለሁ? አላውቅም። እዚህ ደብተር ላይ ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ጥቅምት 15

ዝናብ፣ በዚህ ወር! አልወጣንም። ካቴናውን ዘይት ቀባ። ደግሞ ቀባ።

ጥቅምት 17

ሱብሂ ሰግደን ወጣን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቆሎ፣ በሶ፣ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ጋቢ። መንገዱ ሜዳ እስከሆነ ድረስ ወላሂ ደስ ይላል! ገብሱ በግራና በቀኝ ከጭንቅላታችን በላይ ነው የሚታየው። የሙሐሲን ጀርባ ፊቴ ላይ። ሲያፏጭ ሰማሁት። ከወደቀ ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም።

አንድ አህያ የሚነዳ ሰውዬ ቆሞ "ምን ነካችሁ? ቤት የለም እንዴ የምትተኙበት?" አለን። ሙሐሲን "መንገዱ ይጣፍጣል!" ብሎ መለሰለት። ስንስቅ መሪው ሊያመልጠው ነበር።

ከዚያ ቁልቁለት፣ የፍሬን ሽታ፣ ወንዙ። ከዚያ ዳገቱ።

ዳገቱ ላይ ወርጄ ከኋላ መግፋት ጀመርኩ። ክብደቱ ይቀንስለት ብዬ ነው። ነፋሱ ይቆርጣል፤ ጋቢውን እስከ አገጩ አለበስኩት። ግራ እግሩ ተንቀጠቀጠ። "እንረፍ" አልኩት፣ አይሰማም። ከንፈሩ ጠቆረ። ፔዳሉ ቆመ። ያንን ሁሉ ብረት እኔ ብቻ እየገፋሁት ነበር...

ከላይ ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች አዩን። ማጭዳቸውን ጥለው ቁልቁል ሮጡ። ምን እንዳዩ የገባኝ አጠገባችን ሲደርሱ ነው። ጋቢ ለብሶ የተዘረረ ሰው፣ ብቻዋን የምትገፋ ሴት። በኛ አገር ታማሚ በመንገድ ሲያልፍ ቆሞ የሚያይ የለም። ሥራ ይጣላል፣ ገበያ ይቀራል፣ ትከሻ ይሰጣል።

"ላ ኢላሃ ኢለላህ! ሴት ብቻዋን?" አለ አንዱ።

አንድ ሽማግሌ ቀረቡ፣ አባ አራጋው ይሏቸዋል። "ልቀቂው ልጄ። ወዴት ነው የምትወስጂው?"

"አቀስታ" አልኩ። ውሸት አይደለም።

"አቀስታ ድረስ! በሉ፣ ያዙ!"

ከነብረቱ፣ ከነጎማው አነሱት። ሙሐሲን ጮኸ። "አውርዱኝ! አልታመምኩም!"

"አይዞህ" አሉት አባ አራጋው። "የታመመ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።"

"ትኩሳቱ ነው" አለ ሌላው።

አንገቱን አዙሮ አየኝ። "ፈርሂያ! ንገሪያቸው!"

አልነገርኳቸውም።

እየተቀባበሉ፣ ዱዓ እያደረጉ የዳገቱ አናት ላይ አወጡት። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን ይላል። እኔም ከኋላ አሚን እያልኩ... ውኃ አጠጡት፣ "አላህ ያሽረው፣ እግዜር ይማረው" ብለው ወደ አጨዳቸው ተመለሱ። ሙሐሲን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

"እንመለስ" አለኝ።

"ዳገቱ እኮ አለቀ..."

"እነሱ ናቸው የጨረሱት።"

ስንመለስ ያው በማሳቸው አጠገብ ነው መንገዱ። ቁልቁል ስንወረወር አባ አራጋው ማጭዳቸውን ከፍ አድርገው "ተሻለው! አልሃምዱሊላህ!" ብለው ጮኹ። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

ቤት እስክንደርስ የተናገረው አንድ ነገር ነው። "አንድ ቃል ነበር የምትይው።"

ጥቅምት 18

ለምን ዝም አልኩ? ይሞትብኛል ብዬ ፈርቼ ነው... ነው? ወይስ እንዲሸነፍ ፈልጌ? ተሸንፎ፣ እኔ "ተገድጄ" እንድሄድ? አፌን ምን ያዘው? ሳስበው ዋልኩ። ራሴን ጠላሁ።

ጥቅምት 23

አልጋውን ሸራ አልብሶ ጥግ አስጠጋው። ከዚያ ሻንጣዬን አወረደ። የተሰበረውን እጀታ በየደው፣ ጎማውን አጠበቀው፣ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ጎትቶ ሞከረው። እንደተናገረው ትንፍሽ አላለም። ምነው በተሳደበ!

ኅዳር 4

ደላላው ሲደውል ዋለ። አላነሳሁም። ከየት ልጀምር...

ጠዋት መናኸሪያ ነበርን። የደሴው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቷል። ሙሐሲን እያነከሰ ሻንጣዬን ጎተተ፤ ልያዘው ብለው እምቢ አለ። ጎማው ድምፅ የለውም፣ አጥብቆታላ። ቆምን። "ስትደርሺ ደውይ" አለኝ። "እሺ" አልኩት። ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ነው።

ያኔ በመንገዱ ቃሬዛ መጣ። ምጥ የጠናባት ሴት ናት፤ ከገጠር ተሸክመው ሲጓዙ አድረዋል። ወደ ሆስፒታል ነው። ከፊት በቀኝ በኩል አባ አራጋው! ከኋላ ያለው ጎረምሳ ጉልበቱ ተብረክርኳል።

ሙሐሲን ሻንጣውን ለቀቀው። ሄዶ ጎረምሳውን በክንዱ ገፋ አደረገውና ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አስገባ።

አባ አራጋው ዞር ብለው አዩት። "አንተ... ያ በሽተኛ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ፣ አባ" አላቸው። "ተራዬ ነው።"

ነኝ አለ! ያ ሰው። ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ አየሁ፤ ባነከሰ ቁጥር ቃሬዛው በሱ በኩል ይዘማል። ሴትዮዋ ታቃስታለች። ከንፈሩ እንደዚያ ቀን ጠቁሯል። ረዳቱ ከኋላዬ "ደሴ! ደሴ! የቀረ!" ይላል።

ሮጥኩ። ከኋላው ገብቼ እንጨቱን በሁለት እጄ ወደ ላይ ደገፍኩ። ጀርባው ፊቴ ላይ፣ እንደዚያ ቀን። ቃሬዛው ተስተካከለ። የማን እጅ እንደሆነ ዞሮ ሳያይ አወቀ።

"ፈርሂያ፣ አውቶቡሱ!"

"ይሂድ" አልኩት።