ሦስት ነጥብ ያለበት ሶል

መጋቢት 12 ቀን
ከሱቁ

ለምወድሽ ልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ሞልቶኛል። ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ የሱቁን የቆርቆሮ በር ብቻዬን ከፍ አድርጌ እከፍታለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ የማለቅሰውም ሽንኩርት ስከትፍ ብቻ ነው። ይሄንንም ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ልጻፍልዎ ብላኝ እምቢ አልኳት። ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢወላገድም የራሴ ነው፤ ደግሞም የምነግርሽ ነገር በሌላ ሰው እጅ የሚያልፍ አይደለም።

ሱቁ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተዘግቶ ከረመ ብላ የደወለችልሽም እሷው ናት አሉ። ትኬት ቆርጬ፣ የወንድሜን የሞት ወረቀት ፈርመህ እኔ ጋ ና ስልህ የት ገባህ ብለሽ ተቆጥተሻል።

ወንድምሽ የቀረበት ተራራ ጋ ሄጄ ነበር።

አትጩኺ። ደርሼ ተመልሻለሁ።

ወረቀቱን አልፈርምም ያልኩት እልኸኛ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ልጅህ ሞቷል ብለህ ፈርም ይለኛል፤ አንዲት የጫማ ማሰሪያ እንኳ ሳይመጣልኝ እንዴት አድርጌ ልፈርም? ሌላም ነገር አለ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። አራት ዓመት ሙሉ፣ ሱቅ ውስጥ አጎንብሼ ስሠራ፣ ሶሉ የለቀቀ ጫማ ያደረገ ሰው ወደ በሩ ሲመጣ እሰማለሁ። ጠፕ። ጠፕ። የግራ እግር ነው፤ ጫማ መጠገን እንጀራዬ ነውና ድምፁን አልስተውም። ቀና ስል ማንም የለም። መጀመሪያ ጆሮዬ አርጅቷል አልኩ። በኋላ ግን አረማመዱ የማን እንደሆነ ለየሁት፤ ወንድምሽ ግራውን ለቀቅ አድርጎ ነበር የሚረግጠው።

አውቶቡስ አንድ ቀን፣ የጭነት መኪና አንድ ቀን፣ ከዚያ መንገዱ አለቀ። የቀረው ስድስት ቀን በእግር ነው። ያኔ ወንድምሽንና እጮኛሽን የወሰዳቸውን ባለበቅሎ ራሱን አፈላልጌ አገኘሁት። ተራራው ስም የለውም፤ ባለበቅሎው በአገጩ እየጠቆመ «ያ» ነው የሚለው። እስከ ዛሬ ጫፉን የረገጠ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ወዴትም ብዞር አልጠፋም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ስተኛ እንኳ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። ዛፉ አለቀ፣ ወፉ አለቀ፣ ድንጋይና በረዶ ብቻ ቀረ።

በቅሎዋ ላይ ይውጡ ቢለኝ እምቢ አልኩ። «አባባ፣ በቅሎዋ በዕድሜ የልጅ ልጅዎ ትሆናለች፤ እሷ ግን ደከመኝ ማለት ታውቃለች» አለኝ። ምላሰኛ ነው። ትንሽ በሄድን ቁጥር ቆሜ ወደ ኋላ ሳይ ማንን ነው የሚጠብቁት አለኝ። ደንበኛ ነው አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅሁም። በቅሎዋም አልሳቀችም፤ እኔ ስቆም ቆማ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታዞር ነበር።

መንገዱን ሙሉ ረጅሙን ስረግም ነው የሄድኩት። ያንን እጮኛሽን፣ ከወንድምሽ ጋር ወጥቶ ብቻውን የተመለሰውን። ያኔ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ልጄ ምን ሆኖ ነው ስለው «አዳለጠው አባባ» ብቻ አለኝ። እንዴት፣ የት ብለው አንገቱን ደፋ። ጥለኸው መጥተህ ነው አልኩት። ወጥቶ ሄደ። ዝምታውን ምስክር አድርጌ ፈረድኩበት። ቀለበቱን ያስመለስኩሽም እኔ ነኝ። ከዚህ የሄድሽው ለሥራ ብለሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም።

በስድስተኛው ቀን ድንኳናቸው የነበረበት ቦታ ስንደርስ፣ እኔ አሁንም ስረግም፣ ባለበቅሎው የበቅሎዋን ገመድ ጣለና ይበቃዎታል፣ ቃሌን ላፈርስ ነው፣ ይምጡ አለኝ። የድንጋይ ክምር ነበር። አንድ በአንድ አነሳውና ከሥሩ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ።

ሶል ነው። የግራ እግር ሶል፣ ሙሉው፣ ምንም ያልተበላ። ተረከዙ ላይ በወስፌ የተወጉ ሦስት ነጥቦች አሉ። ምልክቴ ናቸው፤ በቆረጥኩት ሶል ሁሉ ላይ አደርጋቸዋለሁ።

ልጄ፣ ይሄን አታውቂም። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ወንድምሽ ጫማውን አምጥቶ አፍንጫውን ብቻ ስፋልኝ ብሎኝ ገመድ ሊገዛ ወጣ። የፋብሪካውን ሶል ሳየው ስስ መሰለኝ፤ ናቅሁት፤ ገነጠልኩት። ከመኪና ጎማ ቆርጬ የራሴን ለጠፍኩበት። አልሰፋሁትም፤ በማስቲሽ ብቻ። የእኔ ማስቲሽ በሃምሳ ዓመት ለቆ አያውቅም። እዚህ፣ በዚህ ፀሐይ። ብርድ ማስቲሽን ምን እንደሚያደርገው የት አይቼ? ሲያጠልቀው «አባዬ፣ ከበደኝ እኮ» አለኝ። «የከበደህ ተራራው ነው» ብዬ ሳቅሁበት።

ሶሉ ላይ ማስቲሹ እንደ መስታወት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በጥፍሬ ስነካው ረገፈ።

ረጅሙ ሶሉን እዚያ ደብቆ፣ ሁሉንም ለባለበቅሎው ነግሮ ለማንም እንዳይናገር ቃል አስገብቶት ኖሯል። በዚያ ጠዋት የሶሉ ጫፍ ለቆ ያጨበጭብ ነበር፤ በሲባጎ አሰሩት። ወንድምሽ እየሳቀ «አደራ፣ አባዬ እንዳይሰማ፤ ስሙ ይጠፋበታል» አለ። ገደሉ ጋ እንኳ ገና አልደረሱም፤ ገመድም አላወጡም። ቀላል ነው ባሉት ተዳፋት ላይ ሶሉ ተገንጥሎ ቀረ፤ እሱ ተንሸራቶ የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ረጅሙ ሁለት ቀን ስንጥቁ አፍ ላይ ተኝቶ ሲጣራ፣ ባለበቅሎው ነው ወጥቶ ጎትቶ ያነሳው። ብርዱ ሁለት ጣቶቹን ወሰደበት። ለቅሶው ላይ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ስለቆመ ባለጌ ብዬው ነበር።

ባለበቅሎውን ውሸታም ብዬ በዱላዬ መታሁት። አልተቆጣም፤ ዱላውን ቀማኝና አስቀመጠኝ፣ ካፖርቱን አለበሰኝ።

«እና ረጅሙ ለምን አልተናገረም?» አልኩት።

«አደራ ተብሏላ» አለኝ።

ሶሉን ይዤው መጣሁ፤ መዶሻዬ አጠገብ ነው ያለው። እውነቱን ካወቅሁ ያ ኮቴ ይተወኛል ብዬ ነበር፤ አልተወኝም። አሁን ይሄን ስጽፍልሽም በሩ ላይ ነው። ግባ እለዋለሁ። አይገባም፤ አይሄድምም።

አንቺን አምላክ ይጠብቅሽ። ብርድ አገር ነሽና እግርሽን አይንሳሽ። የረገጥሽው ይጽና፣ የያዝሽው ይቅናሽ፣ ክፉ አይይሽ።

ትኬቱን መልሺው። ዕዳ ያለበት ሰው አገር ጥሎ አይሄድም። ይቅርታም ደውለሽ እንዳትጠይቂልኝ፤ የእኔን እኔው እከፍላለሁ። ለባለበቅሎው ካፖርቱን እመልሳለሁ፤ በዱላ ለመታሁት በአፌ ይቅር በለኝ እለዋለሁ፤ ሰው አልክበትም። እንደ ወንድምሽ በማስቲሽ ብቻ የለጠፍኩላቸው ሦስት ሰዎች ወደ ብርድ አገር ወጥተዋል፤ አንደኛው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ፈልጌ አገኛቸውና እሰፋላቸዋለሁ። ወረቀቱን እፈርማለሁ፤ የሞቱ ምክንያት በሚለው ቦታ የሶሉን ነገር በእጄ እጽፋለሁ። እናትሽ ረጅሙን እየረገመች ነው የሞተችው፣ ከእኔ አፍ ሰምታ፤ መቃብሯ ላይ ቆሜ እነግራታለሁ። እሑድ፣ ለቅሶው ላይ የነበሩትን ሰብስቤ፣ ረጅሙ ቤት እሄዳለሁ፤ እነሱ ፊት ሰድቤዋለሁና እነሱ ፊት። እሱም እስከ ዛሬ አላገባም፤ እንዲሁ ነው የምነግርሽ። ለአንቺ ደግሞ አራት ዓመት አለብኝ። በምን እንደምከፍለው አላወቅሁም። የምከፍለው ግን እኔ ነኝ።

አባትሽ