ፉልማቲ ያሳረመችው ቃል

ልጄ ኪሾር፣ እግሬን ነክተህ የምትቀበለውን ምርቃት በዚህ ወረቀት ልኬልሃለሁ፤ ክፉ አይንካህ። ማንጎው አፍርቷል፤ ጉልበቴም ደኅና ነው።

የቤት ሠራተኛችንን የፉልማቲን ክንድ የባሏ ወንድም ስለ ሰበረው፣ ፖሊስ ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። የጣቢያው አዛዥ የቀድሞ ተማሪዬ ባንሲ ነው። «ኧረ መምህርት፣ ይሄ እኮ የቤት ጠብ ነው! ሻይ ልዘዝልዎትና እቤት ያስታርቋቸው» አለኝ።

«ሻዩን አንተ ጠጣ፤ መመዝገብ ግዴታህ ነው» ብዬ ከወንበሩ አልነሣም አልሁ። በመጨረሻ ቃሏን ጻፈና እንደ ሕጉ አነበበላት። ፊደል የማታውቀው ፉልማቲ ግን «በዱላ አላልኩም፤ በብረት ነው!» ብላ አሳረመችው።

በዳዩ በደጃችን እየተመላለሰ ስለሚዝት፣ እኔ ዘንድ ታድራለች። ወደ አንተ እንድመጣ የላክህልኝን የአውሮፕላን ቲኬት፣ ፍርድ ቤት ቀርባ እስክትመሰክር ድረስ ቀኑን አራዝምልኝ፤ እንዳትቆጣኝ አደራ። ከፊትም ከኋላም ጠባቂ አይለይህ።

እናትህ ካውሻልያ