ገደብ የለሽ ስለተባለችው መኪናና ስለ እድራችን ግንብ

ለመኪና ስፖርትና ለጎብኚዎች መስህብ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ከሁሉም በላይ የመኪናዎን ፍሬን ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። እኛ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ፣ በሐረጎ ቁልቁለት ጠምዛዛው ላይ የምንኖር የመረዳጃ እድር አባላት ከአንድ የግንብ ጥግ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። እኔ አምባዬ ወልደ ሚካኤል እባላለሁ፤ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። ይህን የምነግርዎ ለመኩራራት ሳይሆን፣ ከዚህ በታች ስለ ጎማና ስለ ቁልቁለት ሳነሳ ከየት አመጣው ብለው እንዳይጨነቁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ ደርሶናል። ጠምዛዛው ላይ የመከለያ ብረት እንዲተከልልን ለሚመለከተው ሁሉ ሦስት ዓመት ጽፈን አንድም መልስ ላላገኘን ሰዎች ይህ ታላቅ ክብር ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የእድራችን ዕቃ ቤት ግንብ «የተሽከርካሪዎችን ፍጥነት በሚገድብ ቦታ ላይ የተሠራ በመሆኑ» በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድናፈርሰው ያዝዛል። ሁለተኛውን በመጨረሻ አነሳዋለሁ፤ ለእሱ ተለይቶ የተቀመጠ ምስጋና አለኝ።

ነገሩን ያልሰማ አንባቢ እንዳይቸገር ባጭሩ ልንገረው። ጽሕፈት ቤትዎ በመጪው ኅዳር መንገዱን ዘግቶ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የሚወርድ የፈጣን መኪኖች ትርኢት አዘጋጅቷል። ለዚሁ ልምምድ በመስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሰባት መቶ በላይ የፈረስ ጉልበት ያላት ቀይ መኪና ቁልቁል ተለቀቀች። ነጂው የደሴው የጨርቅ ነጋዴ የአቶ ባሽር ልጅ ሰፍዋን ነበር። መኪናዋ ጠምዛዛውን ሳትይዝ ቀርታ ዞረች፣ በጀርባዋም መጥታ ግንባችንን መታች። ከግንቡ ወዲያ በቆሎ ሻጯ ሸፊቃ እሸት እየጠበሰች ነበር፤ ሚኒባስ የሚጠብቁ ሰባት ሰዎችም አጠገቧ ቆመው ነበር። የግንቡ ጥግ ፈረሰ፣ መኪናዋ ቁርጥራጭ ብረት ሆና ቀረች፣ የሰፍዋን እግር ተሰበረ። ከግንቡ ወዲያ ያለ አንድም ሰው አልተጫረም።

አሁን ወደ ቅሬታችን፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናችን ልለፍ።

አንደኛ፣ ደሴ ላይ ባሰቀሉት ሰፊ ማስታወቂያ መኪናዋን «ገደብ የለሽ» ብለው ስላስተዋወቁን እናመሰግናለን። ገደብ የሌለው ጎማ በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ፣ ከአደጋው በኋላ ጎንበስ ብዬ ጎማዋን ዳሰስኩት። ሰፊ ነው፤ ጥርሱ ግን እምብዛም ነው። ደረቅና ትኩስ አስፋልት ላይ ሙጭጭ ብሎ እንዲይዝ የተሠራ ላስቲክ ነው፤ ሲበርደው ይደርቃል፣ ውኃ ሲያገኝ ይንሳፈፋል። የሐረጎ ጠዋት ደግሞ ጭጋግና ካፊያ ነው። ይህን ለማወቅ ከቢሮዎ ወጥተው አንድ ጊዜ ማስነጠስ ይበቃዎት ነበር።

ሁለተኛ፣ መኪናዋ መንሸራተት ስትጀምር በየጎማው ፍሬን እየነካካ የሚያቃናት ኮምፒዩተር ነበራት። ጅራቷ ሲወዛወዝ ለቪዲዮ ያምራል በማለት ይኸው ኮምፒዩተር እንዲጠፋ የጠየቀው የጽሕፈት ቤትዎ ባለካሜራ መሆኑን ስሰማ፣ ለኪነ ጥበብ ያላችሁ ፍቅር አስደንቆኛል። ቪዲዮው እንዴት ወጣ? እኛ ጋ ሲደርስ ትንሽ ተቆርጧል።

ይህን የነገረኝ ራሱ ሰፍዋን ነው። ግንባችንን ቢያፈርስም የታመመ ሰው ነውና ከእድሩ ሦስት ሆነን ሆስፒታል ሄደን ጠየቅነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ አምባዬ፣ ወላሂ ምንም አልነገረችኝም» አለኝ። ገባኝ። ተሳቢ ሲከብደው ይናገራል፤ ፍሬኑ ይሸታል፣ ጎማው ይጮኻል፣ ኋላው ይጎትትሃል፣ እስክትፈራ ድረስ ይለምንሃል። ይህችኛዋ እስከ መጨረሻው ድረስ ጸጥ ብላ ታስደስታለች፤ ገደቡ ጋ ስትደርስ ግን ለመፍራት እንኳ ጊዜ አትሰጥም። ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ ነው። ሰፍዋን ጠምዛዛው መሃል በጭጋጉ ውስጥ አይሱዙ ሲያይ ደንግጦ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፤ ማንም ሰው እንዲሁ ያደርጋል። ያን ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ሄደ፣ የኋላ ጎማዎቹ ቀለሉ፣ ጅራቷም ፊቷን ልትቀድም ዞረች። ልጁ የወሰደው ሥልጠና የግማሽ ቀን ነው፤ ይኸውም ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ በፀሐይ። እኔን መጀመሪያ ረዳት አድርገው ሁለት ዓመት ከጎን አስቀምጠውኛል፤ ያውም ፍጥነቱ የበቅሎ ለሆነ መኪና።

ሦስተኛ፣ ስለ አደጋው ያወጡት ሪፖርት «መኪናዋ ከግንቡ ጋር በመጋጨቷ ጉዳት ደርሶባታል» ይላል። ከየት መጣች፣ በስንት ፍጥነት፣ ማን ለቀቃት የሚለውን ለግንቡ ክብር ሲሉ ስለዘለሉት እናመሰግናለን። ግንቡ ከአርባ ዓመት በፊት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ድንጋይ ተሸክሞ በደቦ የሠራው ነው። እስካሁን ካለበት ተነሥቶ አንድም መኪና ገጭቶ አያውቅም።

ትሕትናዬን አይተው ነገሩ የቀለለኝ እንዳይመስልዎ እዚህ ላይ በግልጽ ልጻፈው። ሚኒባስ ከሚጠብቁት ሰባት ሰዎች አንዷ ሀኒ ነበረች። የልጄ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በቆሎዋን እንደያዘች ደርሼ አገኘኋት፤ አልበላችውም፣ አልጣለችውምም። ተቆጥቻለሁ፣ ክቡር ኃላፊ። ግንቡ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ለእርስዎ ደብዳቤ የሚጽፍ እጅ አይኖረኝም ነበር። እናንተ ደግሞ ግንቡን አፍርሱ አላችሁን።

ስለሆነም የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ባለፈው እሁድ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ የወሰነውን በአክብሮት አሳውቃለሁ። አናፈርስም። እንዲያውም የፈረሰውን ጥግ መልሰን ገንብተን አንድ ክንድ አወፍረነዋል። ሊቀመንበራችን ሐጂ ዘይኑልአቢዲን «የሚያፈርሰው ሰው መጀመሪያ እኔን ከወንበሬ ያንሳ» ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮናቸውን ይዘው ግንቡ ሥር ይውላሉ። ሸፊቃም ቦታዋን አልለቀቀችም፤ አፍራሽ ግብረ ኃይል ከመጣ በቆሎ በነፃ እንደምትጋብዝ፣ መዶሻ ግን እንደማታስገባ አስታውቃለች። ትርኢቱ የግድ ከሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ሜዳ አለልዎ፤ መኪናዎቹም እዚያ ገደባቸውን በሰላም ይፈልጉ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡን፣ ስለ ፍጥነት ስላስተማሩን፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ስላስታወሱን ምስጋናችን ከጦሳ ተራራ ከፍ ያለ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ከግንቡ ወዲያ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

አምባዬ ወልደ ሚካኤል
የእድሩ ጸሐፊ፣ የቀድሞ የተሳቢ ሹፌር፣ የሀኒ አያት

ማስታወሻ፦ ሁለተኛው ደብዳቤዎ፣ ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ቦታው ላይ ለክብር እንግዶች መቀመጫ ስለሚዘጋጅ፣ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች እንድናውስዎ ይጠይቃል። እርስዎም በፊተኛው ረድፍ እንደሚቀመጡ ተጽፏል። ደንባችን ድንኳኑ ለለቅሶ ካልሆነ በስተቀር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ እርስዎ የመረጡትን ቦታ ስናይ ግን ደንቡን መጣስ እንደማያስፈልግ ተስማምተናል። አንድ ችግር ብቻ አለ። በእድራችን ድንኳን የሚተከለው ከተመዘገበ ሦስት ወር ለሞላው አባል ነው፤ ትርኢቱ ሊደርስ ግን አምስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። የምዝገባ ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ወይ ፕሮግራሙን ያራዝሙ፣ ወይ ግንቡን ይተዉልን።