እድራችን የማያውቀው ስም

ይድረስ ለወንድሜ ለአቶ ዱባለ፣
አርባ ምንጭ።

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ከመኪና ሥር እየተጋደምክ ታባብሰዋለህ? ጌታነሽ እንዴት ናት? ሰውነት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው እያጠና ነው? ትንሿ ኮከቤስ ጥርስ አብቅላ ጨረሰች? የእናንተም ሙቀት የእኛም ውርጭ የእሱ ሥራ ነውና ስለ ሁሉም ስሙ ይመስገን። እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እማዬ ደህና ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ አንደበታቸውን ምንም አልነካውም፤ ትናንት ከንስሐ አባታቸው ጋር ስለ ጾም ሲከራከሩ ድምፃቸው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። የማድ ቤታቸውን ጣሪያ በጓሳ ሣር አስከድነንላቸዋል። ገብሱም ከውርጭ ተርፎ ጎተራ ገብቷል።

በየሳምንቱ እየደወልክ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትለኝ «ምንም የለም» እያልኩ የቆየሁት ውሸቴን ነው። ያለው ነገር በስልክ የሚነገር አልሆነልኝም። አንተ ደግሞ ገና ሳልጨርስ ትስቃለህ፣ አለዚያም «አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጂያለሽ» ትለኛለህ። በደብዳቤ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። እንግዲህ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ዶርዜውን አትረሳውም። በ1993 መጥቶ ከኛ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ሸማኔ ነው። አንተ ወደዚያ አገር ከመሄድህ በፊት ከሥራ ስትመለስ እሱ ዘንድ ሳታወራ ቤት አትገባም ነበር። አሁን ታችኛው ሰፈር፣ ወደ መሐል ሜዳ መውጫው ላይ የራሱን ቤት ሠርቷል። ከአገሩ ሚስት አምጥቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። ከሦስት ዓመት በፊት ደግሞ አሮጊት እናቱን አምጥቶ ይጦራቸው ነበር። በሞላሌ ጋቢ የለበሰ ሁሉ የእሱን እጅ ለብሷል፤ የኔን የሠርግ ቀሚስ የሠራው እሱ ነው። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ዶርዜው ስለው ኖሬያለሁ፣ አልዋሽህም።

ነገሩ የተነሣው በልጁ በአርሴማ ነው። ስምንተኛ ክፍል የማስተምራት ልጅ ናት። ባለፈው ጥቅምት ከአንድ የክፍሏ ልጅ ጋር ተጣልተው «ሂጂ ወዲያ፣ አንቺ የዶርዜ ልጅ፣ ቁጢት በጣሽ!» አላት። አያቶቻችን ሸማኔን ይሰድቡበት የነበረውን ያንን አስቀያሚ ስድብ ከየት እንዳመጣው እንጃለት። ልጁን ጠርቼ ስቆጣው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቲቸር፣ ቁጢት በጣሽ ማለቴ ጥፋት ነው። ዶርዜ ግን እርስዎም ይሏቸዋል» አይለኝም መሰለህ! ሃያ ዓመት ሳስተምር ተማሪ እንዲህ አሸንፎኝ አያውቅም።

ያን ቀን ኮተቤ የተማርኩበት ዘመን ትዝ አለኝ። የመኝታ ክፍሌ ልጆች መንዜዋ ይሉኝ ነበር፣ እኔም እወደው ነበር። «መንዜዋ፣ ነይ ሻይ እንጠጣ» ሲሉኝ አገሬን ያሞገሱልኝ ይመስለኛል። አንድ ቀን የአንደኛዋ ሹራብ ጠፋና «እስቲ መንዜዋን ጠይቋት፤ እነሱ ሆዳቸው አይታወቅም» አለች። ሹራቡ ከገዛ አልጋዋ ሥር ተገኘ። ይቅርታም ጠየቀችኝ። ስሙ ግን ከዚያ ወዲህ አልጣመኝም። በደህና ቀን የምንስቅበት ስም በክፉ ቀን ዱላ እንደሚሆን ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እንደምታውቀው የእድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ስመረጥ «ጉድ ፈላ!» ብለህ መሳቅህን አልረሳሁልህም። ኅዳር ላይ በስብሰባው ተነሥቼ ከእንግዲህ ሰውን በብሔሩና በመጣበት አገር መጥራት ይቅር፣ ለፋፊያችንም ሰው ሲሞት በመዝገብ ያለውን ስም ብቻ ይጥራ አልኩ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ምንይሉ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ልጄ፣ ስም ሰው አይገድልም። አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወሎዬውን ወሎዬ፣ ጎጃሜውን ጎጃሜ እያሉ ከሁሉም ጋር በፍቅር ኖረው ነው ያለፉት። እኛንስ መንዜ ሲሉን ቆዳችን ተላጠ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን በሳቅ የምመለስ አይደለሁም። «ጋሽዬ፣ ወሎዬው ምን ይሰማው እንደነበር ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። ደግሞስ ያ ዘመንና ይህ ዘመን አንድ ነው እንዴ? ያኔ የአገር ስም መለያ ነበር። ዛሬ ሰው በብሔሩ ምክንያት ከቤቱ ሲባረር በየቀኑ እየሰማን እንደ ጥንቱ መቀለድ አይሆንም። ወጣቶቹ አጨበጨቡልኝ፣ ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፣ ሐሳቤም በድምፅ ብልጫ አለፈ። ሸማኔው ራሱ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። እጁንም አላወጣም፣ አልተቃወመምም። እኔም ማሸነፌን እንጂ እሱን ልብ አላልኩትም።

ታኅሣሥ 10 ቀን እናቱ አረፉ። እኔ የዚያን ዕለት ለመምህራን ስብሰባ መሐል ሜዳ ሄጄ ነበር። ለፋፊያችን አስቻለው ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባውን ነፍቶ «የአቶ ሻግሬ ዋዳ እናት ወይዘሮ ወለተ ማርያም አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት ኪዳነምሕረት!» እያለ ሰፈሩን ዞረ። አስቻለው የማን እናት እንደሞቱ ያውቃል። ነገር ግን በመዝገቡ ስም ብቻ ጥራ ተብያለሁ ብሎ አንዲት ቃል ሳይጨምር ለፍፎ ጨረሰና ወደ አውድማው ሄደ። የውቂያ ጊዜ ነው። ሰው ጡሩምባውን ሰምቶ «ሻግሬ ደግሞ ማን ነው?» ይባባላል። አንዱ አዲስ የመጣው የግብርና ሠራተኛ ነው አለ፤ ሌላው የላይኛው ሰፈር ሰው ሳይሆን አይቀርም አለ። የሚያውቀው ይሄድለታል እያለ ሁሉም ወደየሥራው ተበተነ። መቃብር የመቆፈር ተራ የደረሳቸውም እንደዚያው።

ጋሽ ምንይሉ ብቻ፣ ዳኛ ቀብር ቢቀር ነውር ነው ብለው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ታችኛው ሰፈር ወረዱ። የሻግሬን ቤት ቢጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ «እስቲ ዶርዜውን ልጠይቀው፣ እሱ የማያውቀው ሰው የለም» ብለው ወደ ደጁ ቢሄዱ በሩ ክፍት፣ ቤቱ ባዶ ሆኖ አገኙት። አንዲት ጎረቤት «ኧረ እናቱ ሞተውበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዟቸው ሄደ» አለቻቸው። እኚያ የሰባ ዓመት ሽማግሌ በሰፈሩ መሐል እየሮጡ «ዶርዜው ነው! ኧረ የዶርዜው እናት ናቸው!» ብለው ጮኹ። አገሩ ግልብጥ ብሎ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ሲደርሱ ግን አፈሩ ተመልሷል። እሱ፣ ሚስቱና ልጆቹ፣ ሁለት ጎረቤቶችና ካህናቱ ብቻ ቆመዋል። መቃብሩን የቆፈረው እሱ ከወንድ ልጁ ጋር ነው። ወንድምዓለም፣ ሰው የገዛ እናቱን መቃብር ሲቆፍር እኛ ገብስ እንወቃ ነበር!

በማግስቱ ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ በኔ ላይ ተነሥቶ ጠበቀኝ። በለመድነው ስም ቢጠራ ኖሮ ይህ ይሆን ነበር ወይ አሉኝ። እማዬ ሳይቀሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉኝ። ደንግጫለሁ፣ አልቅሻለሁም። ነገር ግን ተሳስተሻል ያሉኝን ሁሉ አልተቀበልኩም። ጥፋቴን እኔው አውቀዋለሁ፤ ስሙን ከመዝገብ አውጥቼ ለጡሩምባ ሰጠሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ከሰዉ ጋር አላስተዋወቅሁትም። እነሱ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሸማውን ለብሰው፣ ማዕዱን ቆርሰው ስሙን አልጠየቁም። ይህን ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ምንይሉ፣ አስቻለው፣ እኔና ሌሎች ስምንት ሰዎች ድንጋይ ተሸክመን ደጁ ላይ ቆምን። ሴት ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ አትጠይቅም ቢሉኝ ጥፋቱም የሴት ነው ብዬ ተሸከምኩ። አቶ ሻግሬ ወጣና ድንጋዩን በየተራ ከየትከሻችን አወረደልን። ሲያወርድ እያንዳንዳችንን ከነአባታችን ስም ይጠራ ነበር። አንዱንም አልሳተም። አስቻለው እዚያው ቆሞ አለቀሰ።

አስገብቶን ንፍሮ ከቀረበ በኋላ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ዶርዜ ስድብ አይደለም፣ የተከበረ ሕዝብ ነው። እኔ ግን ዶርዜ አይደለሁም፤ እዚያው አካባቢ ያለ የቦንኬ ሰው ነኝ። የመጣሁ ሰሞን ለአንድ ሰው ነግሬው ነበር። ያው ነው ብሎ ሳቀ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ደግ ሰው ነበር፤ ቤት ሰጠኝ፣ አበላኝ፣ ለሰዉ ሁሉ ዶርዜው እያለ አስተዋወቀኝ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም። ስትጠሩኝ ብዙ ጊዜ ደስ ይለኛል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይከፋኛል። እናቴን ስቀብር ግን ለካ እዚህ አገር ሰው የለኝም አልኩ» አለ። ጋሽ ምንይሉ ያ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁት። ወደኔ አየ። ገባኝ። ወንድምዓለም፣ ያ ሰው አንተ ነህ።

ይቅርታችንን ተቀብሏል፤ ልቡ ግን አልተመለሰም። የሸማ መሥሪያውን እንጨት ነቅሎ፣ ድሩን ጠቅልሎ አስቀምጦታል። አገሬ ሄጄ ወንድሞቼን ላርዳ፣ ከዚያ ወዲያ ልመለስ አልመለስ እንጃ ይላል። አርሴማ አባቴ ይቀራል ብላ ክፍል ውስጥ ፈዝዛ ትውላለች። የአርባቸው ዕለት፣ ጥር 19 ቀን፣ እድሩ አንድ ሰው ሳይቀር መጣ። አስቻለው ሲለፍፍ «የአቶ ሻግሬ ዋዳ!» ካለ በኋላ ፈርቶ «ያ ዶርዜው ስንለው የነበረው!» ብሎ ጨመረበት። እኔ ተናደድኩ፣ አቶ ሻግሬ ግን ከናቱ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ልጆቹ ጋሽ ሻግሬ ማለት ለምደዋል። ጋሽ ምንይሉ ሦስት ጊዜ በስሙ ይጠሩትና በአራተኛው «ዶር» ብለው አፋቸውን በጋቢያቸው ይይዛሉ።

ታዲያ ስድብ ነው አይደለም ብለህ ትከራከረኝ ይሆናል። እኔን ከጠየቅኸኝ ነውሩ ከስሙ ወዲያ አለመጠየቃችን ነው። አንተ አሁን እዚያው አገር አግብተህ ወልደህ፣ ዶርዜና ቦንኬ አንድ አለመሆናቸውን ከኔ ይልቅ ታውቃለህ። የጌታነሽ ዘመዶች «አማራው» ሲሉህ ስቄ አልፈዋለሁ ትለኝ ነበር። አማትህ ለመጀመሪያ ጊዜ «ዱባለ» ብለው የጠሩህ ዕለት ግን ደውለህ የስልክህ ካርድ እስኪያልቅ ያወራኸኝን ረሳኸው?

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጌታነሽን ሳምልኝ፤ የላከችው ቆጮ ሳይበላሽ ደርሶልናል። ሰውነት ስልኩን አስቀምጦ ያጥና። ኮከቤን አክስትሽ ልታይሽ እየመጣች ነው በልልኝ። ለአማትህም እጅ ነሥቻለሁ፣ ጤናቸውን ይስጥልኝ። እማዬ በግንባርህ ስመውሃል፤ አንድ የበግ ጠጉር ባናም ልከውልሃል። በዚያ ሙቀት ምን ያደርግለታል ብላቸው ወይ ፍንክች።

የቀረኝ አንድ ሰላምታ ደብዳቤውን ላመጣልህ ሰው ነው። ወደ ቦንኬ ሲያልፍ አንተ ዘንድ እንዲያድር የለመንኩት እኔ ነኝ። በሩን ከፍተህ ስታየው «ዶርዜው!» ብለህ ጮኸህ አንገቱ ላይ ተጠምጥመህ ይሆናል፤ አውቅሃለሁ። አይፈረድብህም፣ ያኔ ደብዳቤውን አላነበብክም። አሁን አንብበሃል። እሱም እፊትህ ተቀምጦ እስክትጨርስ እየጠበቀህ ነው። ቀና በልና በስሙ ጥራው።

እኅትህ ዓለምፀሐይ
ሞላሌ፣ መንዝ
ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.