የአባትህ ጥቁር ካባ

ልጄ አምብሮዝ፣ በሰው አገር አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ሲስሊ ጎትታ ኖርዊች ከተማ ቲያትር ወሰደችኝ። ዕውቀትን ሁሉ ልጠቅልል ብሎ ነፍሱን ለሰይጣን የሸጠ ምሁር ታሪክ ነው። ምሁሩ ብቅ ሲል ሲስሊ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«አንቺ፣ ይሄ የቄሱ የባልሽ ካባ አይደል እንዴ?»

«ዝም በይ! ጥቁር ካባ ሞልቷል» አልኳት።

ክርኑ ላይ ግን በእጄ የጣፍኩትን ቡናማ እራፊ አየሁት። አባትህ የሰበከበትን፣ ለትምህርት ኢጣሊያ ስትሄድ «ፓዱዋ ለብሼው እጸልያለሁ» ብለህ የወሰድከውን ካባ መድረክ ላይ ሰይጣኖቹ እየጎተቱ ቀደዱት። ሰዉም አጨበጨበ።

ምሁሩስ የሸጠው የራሱን ነው። አንተ የአባትህን ሸጥክ።

አሁንም ልጄ ነህ፤ እግዚአብሔር ይባርክህ። የፓዱዋ ክረምት ይበርዳል አሉ። እስቲ ጻፍልኝ፣ ምን ለብሰህ ነው የምትጸልየው?

እናትህ ኡርሱላ