የጋሽ ማዶ ልኬት

ኅዳር 9 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት

ለተከበርሽው፣ ለተፈራሽው፣ ስታንኮራፊ ጎረቤት ለምትቀሰቅሺው ታላቅ እህቴ፤

በጥልቅ ኀዘን አስታውቅሻለሁ፤ ሁለት መንግሥታት ተቀያይመዋል፣ አንድ ግድብ ባዶውን ቀርቷል፣ የጥፋቱም ምንጭ ታናሽ ወንድምሽ ነው። ተቀመጪ። ወንበሩ ከቻለሽ።

የአባባን ሥራ ታውቂዋለሽ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወንዝ ወርዶ፣ ቁጥር የተጻፈበትን ብረት አይቶ፣ የውሃውን ከፍታ ይመዘግባል። ከወንዙ ወዲያ ባለው አገር ደግሞ ጋሽ ማዶ የራሱን ብረት ያነባል። ከዚያ ይደዋወላሉ፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ሁለቱም እንደገና ይወርዳሉ። የሁለቱ አገሮች ውል እንደዚያ ይላል። ጋሽ ማዶ ግን ጉልበቱን ካመመው ወዲህ መውረድ ትቷል፤ አባባ የነገረውን ነው የሚጽፈው። ሃያ ሁለት ዓመት የተማመኑ ሰዎች ናቸው። ይህን ከእኛ ቤት ሌላ የሚያውቅ የለም።

መስከረም መጨረሻ ላይ አባባ ገና ወንዝ ዳር ሳለ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። የአባባን ድምፅ እንዴት እንደማስመስል ታውቂያለሽ፤ ስንቴ አስለቅሼሻለሁ።

«ወዳጄ፣ ጉድ ፈላ! አራት ሜትር ገብቷል!»

«ምን? ትናንት ሁለት ከምናምን አልነበር እንዴ?»

«ላይ በኩል ዶፍ ጥሎ።»

«በል ልጆቹን ከወንዙ አርቅ። ድምፅህ ምነው ቀጠነ? ጉንፋን ነው?»

«ጉንፋን ነው» ብዬ ዘጋሁና መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ በሳቅ።

መልሼ ደውዬ ቀልድ መሆኑን ልነግረው ነበር፣ እውነቴን ነው። መስመሩ ተያዘ። ለካ ለአለቆቹ እየደወለ ነበር። እነሱም ጎርፍ መጣ ብለው፣ ቦታ ለማስለቀቅ የትንሿን ግድባቸውን በሮች በሙሉ ከፈቱ። አባባ አራት ሰዓት ላይ ሲያገኘው የዓመቱ ውሃ ሄዷል። ዝናቡም በዚያው ቀረ። አሁን እዚያ ታች ያለው ከተማ ውሃ የሚያገኘው በአምስት ቀን አንዴ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር የጀሪካን ሰልፍ ላይ በግፊያ ወድቃ ልጇን አጣች። እዚህ ላይ የሚሆን ቀልድ አላገኘሁም፤ እየፈለግሁ ነው።

ከሁለቱም አገር ኮሚቴ መጣ፤ ጋሽ ማዶንም ይዘውት። ስብሰባው አባባ ቢሮ ስለነበር ወንበር እያመላለስኩ ገባሁ። ክራባታሙ ሰብሳቢ «ቁጥሩን ማን ነገረዎት?» ሲለው ጋሽ ማዶ አባባን አየው። አባባ የመዝገቡን ጥግ ያጣጥፍ ነበር። ቀና አላለም።

«ማንም። ራሴ ወርጄ ነው ያነበብኩት። ዓይኔ ደክሟል» አለ ጋሽ ማዶ።

እዚያው አባረሩት። ሲወጣ በሩን ያዝኩለት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጉንፋኑ ለቀቀህ?» አለኝ።

አሁን በእሱ ቦታ ማሽን ተክለዋል። ማሽን አይደውልም። አባባ ግን ከወንዝ ሲመለስ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ይላል። እኔን አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ልነግረው አፌን ስከፍት ሬዲዮውን ከፍ ያደርገዋል።

በይ እህት ዓለም፣ ጤናሽን ይስጥሽ፣ አለቃሽን ያለስልስልሽ፣ እኔን የመሰለ ልጅ ደግሞ አይስጥሽ። ለዚህ ብለሽ አባባ ጋ እንዳትደውዪ፤ ስልክ ሲጮኽ እየሮጠ ነው የሚያነሳው። ደግሞም ይሄን ያህል የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ሁሉ ነገር ሲጨመቅ አንዲት የስልክ ቀልድ ናት፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አትሞላም።

ወንድምሽ፣ ያው መከራሽ